ለውሸት ሽጉጥ የእውነት አፎት

የአሜሪካን ሰው ከመሣሪያ ጋር ያለውን ዝምድና ማወቅ የፈለገ እንግዳ ከሽጉጡ በፊት አፎቱን ቢያይ ይሻለዋል። ሽጉጡ በመስታወት ውስጥ ተቆልፎ ከሩቅ ነው የሚታየው። አፎቱ ግን ግድግዳ ሙሉ ተንጠልጥሎ ንካኝ፣ ታጠቀኝ ይላል። በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከአሌክሳንድሪያ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የወታደርና የአደን ዕቃ መደብር የቆምኩበት ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ እሱ ብቻ ነበር፤ በቀበቶ የሚጠለቅ፣ በብብት ሥር የሚንጠለጠል፣ ደረት ላይ የሚሻገር፣ ጭን ላይ የሚታሰር፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚደበቅ። የቀኝ እጅና የግራ እጅ ተብሎ ተለይቷል። በእያንዳንዱ ማሸጊያ ላይ የሚገባበት ሽጉጥ ስም ተጽፏል። የሽጉጡ ስም ከግድግዳው ላይ የሌለ ሰው ሲመጣ ቆሞ ከማየት በቀር ብዙ ምርጫ የለውም። እኛም እንደዚያ ሆነን ቆምን።

አብሮኝ ያለው የእህቴ ልጅ ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን ከእናቱ ማድ ቤት የለቀመ፣ በሥራ ቀን ኮምፒውተር ላይ ተደፍቶ የሚውል፣ ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ጫካ ገብቶ በቀለም የሚታኮስ ወጣት። ጨዋታው ፔይንትቦል ይባላል። እንግዳ ነኝና ሙዚየሙንም ሐውልቱንም አሳይተውኛል፤ ቅዳሜ ግን የእሱ ነች፣ ማንም አይነካበትም። «ጋሼ፣ ሽጉጧን ገዝቻለሁ። ሆልስተር ነው የቸገረኝ፤ አብረን እንፈልግ» ብሎ ነው ያመጣኝ።

ሻጩ ጢሙን ያሳደገ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ምን ሽጉጥ እንደሆነ ጠየቀ። ልጁ «ቲፕማን ቲፒኤክስ» ሲለው ራሱን ነቀነቀና ሁለት ጣቱን አራርቆ የአፈሙዙን ውፍረት አሳየን። ግድግዳው ላይ ካለው አንዱም እንደማይውጠው ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለገውም።

ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከኳሷና ከጋዙ ነው። የቀለም ኳሷ ስፋት 0.68 ኢንች፣ ማለትም 17 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ፖሊስ የሚታጠቀው ሽጉጥ ጥይት 9 ሚሊሜትር መሆኑን ለሚያውቅ፣ ቱቦው እጥፍ ሊሆን ምንም እንዳልቀረው ይገባዋል። ኳሷን የሚገፋት ባሩድ አይደለም፤ 12 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የታመቀባት አውራ ጣት የምታህል የብረት ጠርሙስ ናት። ይህችን ጠርሙስ ሽጉጡ አካል ውስጥ የሆነ ቦታ መሸጎጥ ግድ ነው፤ የአፎቱም ዕጣ የሚወሰነው ሠሪው የት እንደሸጎጣት ነው። ቲፕማን ከአፈሙዙ ሥር አጋድሟታል፤ ስለዚህ የሽጉጡ ፊት ባለ ሁለት ፎቅ ሆኗል። ቲቤሪየስ የተባለው፣ በኋላ ስሙን ፈርስት ስትራይክ ያለው፣ ጠርሙሷንም ኳሶቹንም እጀታው ውስጥ በሚገባው ካዝና ላይ ደርቧቸዋል፤ ፊቱ ቀጠን ሲል እጀታው ወፈረ። ሁለቱም ኩባንያዎች የተነሱት ከአንድ ከተማ፣ ከኢንዲያና ግዛት ከፎርት ዌይን ነው፤ ግን አንዱ የሚገባበት አፎት ለሌላው አይሆንም።

ሻጩ ይህን ካስረዳ በኋላ ከመስታወቱ ሥር ሌላ ሽጉጥ አወጣ። ኡማሬክስ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ከግሎክ ፈቃድ ገዝቶ የሚያመርተው ነው። ኳሱ አነስ ያለ ነው፣ 0.43 ኢንች፤ ጋዙ እጀታው ውስጥ ይገባል። ርዝመቱም ውፍረቱም፣ ከላይ የተቀረጸው ስም እንኳ፣ ከእውነተኛው ግሎክ 17 ጋር አንድ ነው። ከግድግዳው አንድ ጥቁር አፎት አንስቶ ሲያስገባው ቀጭ ብሎ ገባ፤ ገልብጦ አራገፈው፣ አልወደቀም። «ይህን ከወሰድክ የአፎት ነገር አለቀ» አለ። ልጁ ዓይኑ እዚያ ሲቀር አየሁ። እኔ ደግሞ የተመኘሁት ያንን ሽጉጥ ወደ ቦታው መልሶ እንዲቆልፍበት ነበር፤ ምክንያቱን ቆይቼ እመጣበታለሁ። ደግነቱ ልጁ የሚጫወትበት ሜዳ ባለ 0.68ቱን ብቻ ነው የሚያስገባው።

ቀጭ ያለው አፎት የተሠራበት ነገር ካይዴክስ ይባላል። ጠንካራ የፕላስቲክ ጠፍጣፋ ነው። በምድጃ ሲያሞቁት ይለሰልሳል፤ ያን ጊዜ ሽጉጡ ላይ ጭነው ሲጫኑት ቅርጹን ይወስዳል፣ ሲቀዘቅዝም በዚያው ይቀራል። ሠሪዎቹ ለየሽጉጡ ዓይነት ሰማያዊ የላስቲክ አምሳያ አላቸውና እውነተኛው ሽጉጥ ባይኖርም ይሠራሉ። ለቀለም ሽጉጥ ግን አምሳያ ያለው ሠሪ በቀላሉ አይገኝም። የራስን ሽጉጥ ለሠሪው ማድረስ፣ መጠበቅ፣ ከ60 ዶላር በላይ መክፈል ይመጣል። ሌላው መንገድ የናይለን አፎት ነው፤ ወታደር ቦርሳ ከሚሰፋበት ኮርዱራ ከሚባለው ጠንካራ ጨርቅ የተሠራ፣ ማሰሪያው የሚጠብቅና የሚላላ። ቅርጽ የለውም፤ ስለሌለውም የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። ሻጩ ከእነዚህ ሦስት ዓይነት አወጣልንና «ሜዳ ወስዳችሁ የሌላውን ሰው እያያችሁ ምረጡ» አለን። ሳይሸጥ የሚሸኝ ነጋዴ ማግኘት በየትም አገር ዕድል ነው።

ሜዳው ላውደን ካውንቲ ውስጥ፣ አልዲ ከምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ነው። በ50 ቁጥር መንገድ ወደ ምዕራብ ስትነዳ የዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢን ታልፍና ሕንፃው እየሳሳ፣ የድንጋይ አጥርና የፈረስ መስክ እየበዛ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ጫካ። በጫካው መካከል የእንጨት ምሽጎች፣ አሮጌ መኪኖች፣ በሳንቃ የተሠራ ሰፈር የሚመስል ነገር። ልጆች የያዙ ቤተሰቦች አሉ፤ ራሱን ልዩ ኃይል አስመስሎ የለበሰም አለ።

ሥርዓቱ ጥብቅ ነው። ከመረቡ ወዲያ ማስክ ከፊት አይወርድም፤ ላብ ዓይንህን ቢያቃጥልህም፣ መስታወቱ በትንፋሽ ቢጨልምብህም አይወርድም። እያንዳንዱ መሣሪያ፣ ሽጉጡም ጭምር፣ ፍጥነቱ ይለካል። በዚህ ሜዳ ኳሷ በሰከንድ ከ280 ጫማ፣ 85 ሜትር ገደማ፣ በላይ ከሄደች ዳኛው ይመልስሃል። ከመረቡ ወጥተህ ማረፊያው ስትደርስ አፈሙዙ ላይ ባለ ገመድ የጨርቅ ከረጢት ታጠልቃለህ፤ ቃታው በስህተት ቢነካ ኳሷ እዚያ ትቀራለች። አፎት ውስጥ ገብቷል ብለህ ከረጢቱን መተው አይፈቀድም። ይህች ደንብ የእኛን ምርጫ ግማሽ ወሰነችው፦ ጠባቡ ናይለን ሽጉጡን ብቻውን በደንብ ይይዛል፤ ከረጢቱ ከተጠለቀበት በኋላ ግን አልገባም አለ።

የእኔ ሥራ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት ነበር። አንድ ሰው መኪናውን ሲያቆም በኪሱ የሆስፒታል መታወቂያ ተንጠልጥሎ አየሁ፤ ሐኪም መሆን አለበት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከጉድጓድ ብቅ ብሎ ጀርባውን ብጫ አደረገው። ሐኪሙ እጁን አንስቶ እየሳቀ ወጣ። አገር ቤት በገና ጨዋታ ሎሌ የጌታውን ቅልጥም ቢመታ ቂም አይያዝም ይባላል፤ እዚህም ጫካው ውስጥ ማዕረግ የለም። ልዩነቱ የገና ዱላ ማንንም ፖሊስ አያስጠራም።

በእረፍቱ መሐል ጨዋታው ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ወጣቶቹ ትከሻቸውን ነቀነቁ። የማውቀውን እኔው ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1981፣ ሰኔ ወር መጨረሻ ላይ፣ በኒው ሃምፕሸር ግዛት ሄኒከር በምትባል ቦታ 12 ሰዎች ጫካ ገቡ። ነገሩን የጠነሰሱት ሦስት ወዳጆች ናቸው፤ ቻርልስ ጌይንስ ደራሲ፣ ሄይስ ኖኤል የአክሲዮን ነጋዴ፣ ቦብ ገርንዚ የበረዶ ሸርተቴ ዕቃ ነጋዴ። የክርክራቸው ርዕስ እኛም አገር በየጠጅ ቤቱ የሚነሳ ነው፦ ከተሜና ባላገር ጫካ ቢገቡ ማን ይተርፋል? ለመለያ የተጠቀሙበት መሣሪያ ኔልስፖት 007 ይባላል። ኔልሰን የተባለ የቀለም ኩባንያ ለደን ሠራተኞች ያቀረበው ነው፤ የሚቆረጠውን ዛፍ ከሩቅ ምልክት ያደርጉበታል፣ ከብት ጠባቂም በሬውን ይለይበታል። ይህ መሣሪያ ሽጉጥ ነበር። ዛሬ ሜዳው ላይ የሚታየው ረጅሙ፣ በላዩ የኳስ ጎታ የተሸከመው፣ በደቂቃ መቶዎችን የሚተፋው ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። ሽጉጥ ይዞ ጫካ የሚገባ ተጫዋች፣ ለጌጥ ነው ቢሉትም፣ ከመነሻው ጨዋታ ጋር የሚቀራረበው እሱ ነው። የዚያን ቀን ያሸነፈው ደግሞ ሪቺ ዋይት የሚባል የደን ሰው ነበር፤ ባንዲራዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ሲወጣ አንዴም አልተኮሰም። ወጣቶቹ ይህቺን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም። ልጁ ግን፣ «አንዴም?» አለና ሽጉጡን አየት አደረገው።

ዛሬ ሽጉጥ ለምን ይታጠቃሉ? ዋናው መሣሪያ አየሩ ወይም ኳሱ ሲያልቅ፣ ሳንቃ ቤት ውስጥ ረጅሙን ይዞ መዞር ሲያስቸግር፣ አንዳንዴም ሁሉም በሽጉጥ ብቻ ይሁን ተብሎ ሲስማሙ። ካዝናው ሰባት ወይም ስምንት ኳስ ነው የሚይዘው። የአንድ ጠርሙስ ጋዝ ካዝናውን ሦስት ጊዜ ያህል ባዶ ያደርጋል፣ ብርድ ከሆነ ከዚያም ያንሳል፤ ጋዙ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወድቃል። ስለዚህ ሽጉጡ ቀኑን ሙሉ አፎት ውስጥ ይውልና የሚወጣው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ያንን ሁሉ ሰዓት ሰውየው የሚኖረው ከአፎቱ ጋር ነው። ሲሮጥ፣ ሲንበረከክ፣ በሆዱ ሲሳብ፣ አጥር ሲዘል የሚመታው፣ የሚቆረቁረው፣ የሚጎትተው እሱ ነው። ዋጋው የሽጉጡ አንድ አሥረኛ ስለሆነ ሰው ሳያስብ ይገዛዋል።

አግዳሚው ላይ ሆኜ መጀመሪያ የለየሁት የድምፁን ነገር ነው። ርካሹ ናይለን አፎት ክዳኑ የሚያያዘው በቬልክሮ ነው። አንድ ሰው ከግንድ ጀርባ ተኝቶ፣ ጠላቱ በአሥር እርምጃ ውስጥ እየመጣለት፣ ረጅሙ መሣሪያ ኳስ አልቆበት፣ ወደ ጎኑ እጁን ቀስ አድርጎ ሰደደ። ቸርርርር! ጫካው ሁሉ ሰማ። የመጣበት ሰው ዞር አለና ሦስት ኳስ አሳረፈበት። ክዳን የሌለው ካይዴክስ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ድምፁ አጭር ነው፣ ሽጉጡን የሚይዘው የራሱ መጥበቅ ነው። በጣት ተጭነው የሚከፍቱት ቁልፍ ያለበትም አየሁ። ጓንት ላደረገ ጣት ያ ቁልፍ ፈተና ነው፤ ጭቃ ከገባበት ደግሞ ጨርሶ እንቢ ይላል። እኔን ያሳመነኝ የአውራ ጣት ማሰሪያ ነው፤ ከላይ የሚሻገር ጠፍር፣ በብረት ቁልፍ የሚያዝ፣ ሽጉጡን ስትጨብጥ አውራ ጣትህ በራሷ የምትፈታው። አሮጌ ብልሃት ነው፤ የቆዳ አፎቶች ላይ የቆየ።

ከድምፁ ቀጥሎ የቦታው ነገር አለ። ወጣቱ ሁሉ ጭን ላይ ይወዳል። ጭን ላይ የታሰረ ሽጉጥ ሰውን ሲያራምደው የሆነ ነገር ያደርገዋል፣ እግሩን ከፈት አድርጎ ይሄዳል። እኔም ብሆን ይህን ፍቅር አልወቅስም። በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች የካውቦይ ፊልም እያየን ያደግን ሰዎች ነን፤ ከቤት ስንወጣ እጃችን በሌለ ሽጉጥ ዙሪያ ያንዣብብ ነበር። ያ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ፣ ጫፉ ጭን ላይ የታሰረ አፎት ግን አብዛኛው የሆሊውድ ፈጠራ ነው፤ በካውቦይ ዘመን የነበሩት ከብት ጠባቂዎች ወገባቸው ላይ ከፍ አድርገው ነበር የሚይዙት፣ ፈረስ ላይ ለሚውል ሰው የሚመቸው እሱ ነውና። አልዲ ጫካ ውስጥም ውጤቱ ያው ነው። ማሰሪያው ወደ ጉልበት የወረደበት ልጅ ሲሮጥ ሽጉጡ ጉልበቱን ይደበድበዋል፤ ሲሳብ ቅርንጫፍ ይይዘዋል። ጭን ላይ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ለሚል፣ ወደ ሱሪ ኪስ ጠጋ ብሎ፣ ሁለት ማሰሪያ ያለው ይሁን።

ደረት ላይ ማድረግስ? ቆመው ሲያዩት ያምራል፣ እጅም ቶሎ ይደርሳል። በሆድ የሚተኛ ተጫዋች ግን አጥንቱ ላይ ብረት ይዞ ነው የሚተኛው። ወገብ ላይ ደግሞ ቦታ የለም፤ ትርፍ ኳስ የተሞላባቸው ቱቦዎች የሚሸከም ሰፊ ቀበቶ ጀርባና ጎኑን ይዞታል። የልጁ ቀበቶ ከቀኝ ዳሌው በላይ አንድ ስንዝር የምታህል ክፍት አለችው። እዚያች ላይ የምትገባ አፎት ነበር የምንፈልገው።

ሻጭ የማይነግረው ሌላ ነገር የአፎቱ ታች ነው። ታቹ የተዘጋ ከሆነ ቅጠል፣ አሸዋ፣ የፈነዳ ኳስ ቀለም እዚያ ይጠራቀማል፤ ሽጉጡ በወጣ ቁጥር አፈሙዙ ያን ይዞ ይወጣል። ዝናብ ከሆነ ውሃ ያቁራል። ኳሷ ደግሞ ውሃ አትወድም። ሽፋኗ ጄላቲን ነው፤ የመድኃኒት እንክብል የሚሠራበት። መጀመሪያ ላይ ለኔልሰን ኳሶቹን የሠራለትም የመድኃኒት እንክብል የሚያመርት ኩባንያ ነበር። እርጥበት ሲያገኛት ታብጣለች፤ ያበጠች ኳስ ቱቦ ውስጥ ትሰነቀራለች ወይም እዚያው ትፈነዳለች። አንድ ልጅ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አፎቱ ውስጥ ረስቶት የመጣውን ካዝና በእንጨት ሲጎረጉር ውሎ አንድም ጨዋታ ሳይገባ ተመለሰ። ታቹ ክፍት፣ ወይም ቢያንስ የተበሳ ይሁን።

ስንመለስ የሆነውን ልንገራችሁ። ከጫካው ወጥተን ነዳጅ ማደያ ላይ ቆምን። ከጓደኞቹ አንዱ፣ ወላጆቹ ከጎንደር የመጡ ረጅም ልጅ፣ ውሃ ሊገዛ በሩን ከፍቶ ወረደ። የደንብ ልብስ የሚመስል ሱሪ ለብሷል፤ ጭኑ ላይ አፎቱ እንደታሰረ ነው። ሽጉጡ ሻንጣ ውስጥ ነው፤ አፎቱ ባዶ ነው። የእህቴ ልጅ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። «ተመለስ! ፍታው! መኪና ውስጥ ፍታው!» ልጁም ምንም ሳይከራከር ተመልሶ ፈታው። ቀልድም ሳቅም አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቨርጂኒያ አዋቂ ሰው እውነተኛ ሽጉጥ በግልጽ ወገቡ ላይ አድርጎ መሄድ በአብዛኛው ቦታ አልተከለከለም፤ ቡና ሊገዛ የተሰለፈ ባለ ሽጉጥ አይቻለሁ። የዚያው ግዛት የወንጀል ሕግ ደግሞ ሰውን በሚያስፈራ ሁኔታ መሣሪያ ማሳየትን ሲከለክል፣ በአየርና በጋዝ የሚሠራውን፣ መልኩ የሚመስለውንም ጭምር ይጨምራል፤ ቅጣቱ እስከ 12 ወር እስራት ሊደርስ ይችላል። የአሻንጉሊት ሽጉጥ ጫፉ ብርቱካናማ ይሁን የሚል የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ አለ። ፔይንትቦል ግን ከዚያ ግዴታ ነፃ ነው። ስለዚህ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ይሸጣል፣ ጥቁር አፎት ውስጥ ይገባል፤ በመኪና መስታወት ለሚያየው ሰው ከሌላው የሚለይበት የለም።

የሚያየው ሰውም የሚያየው ሽጉጡን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 2014 በኦሃዮ ግዛት ክሊቭላንድ ከተማ፣ ታሚር ራይስ የሚባል የ12 ዓመት ጥቁር ልጅ መናፈሻ ውስጥ በፕላስቲክ ጥይት የሚሠራ የአየር ሽጉጥ ይዞ ሲጫወት ፖሊስ ደረሰ። መኪናው በቆመ በሰከንዶች ውስጥ ተተኮሰበት፤ በማግስቱ ሞተ። ስልክ የደወለው ሰው ሽጉጡ የውሸት ሊሆን እንደሚችል ተናግሮ ነበር፤ ቃሉ ግን ለፖሊሶቹ አልደረሳቸውም። ጥቁር ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ሁሉ ይህን ስም ያውቀዋል። እህቴም ታውቀዋለች። ሽጉጡ ቤቷ የገባ ቀን ለልጇ የነገረችው አንድ ነገር ነው፦ «ጫካ ውስጥ የፈለግኸውን ሁን። በዚህ በር ስትወጣና ስትገባ ግን የእኔ ልጅ ሆነህ ነው።»

መደብሩ ውስጥ ቀጭ ያለው ግሎክ ያልተመቸኝ ለዚህ ነበር። ሽጉጡ እውነተኛውን በመሰለ ቁጥር አፎት ማግኘት ይቀላል፤ ሁለቱ አብረው ወገብ ላይ ሲሆኑ ደግሞ የጨዋታው መሆናቸው ይጠፋል። ግድግዳው ላይ ቦታ ያጣው ወፍራሙ ቲፒኤክስ ለልጁ የሚሻለውም ለዚሁ ነው። አፎቱን የሚመዝነውም ጫካው ብቻ አይደለም፤ መኪና ማቆሚያው ጭምር ነው። እዚያ ሲደርስ በስንት ሰከንድ ይፈታል? ሱሪ ቀበቶ ላይ የተጠለቀ አፎት ሱሪ ካልወለቀ አይወጣም። ጭን ላይ በሁለት ማሰሪያ የተቆለፈውን ደክሞት የሚመጣ ሰው ይተወዋል፤ የጎንደሬው ልጅ እንደተወው።

በሚቀጥለው ጊዜ ወደዚያው ሻጭ ስንሄድ ጥያቄያችን አጭር ሆነ። ሰፋ ያለ ናይለን፣ ከረጢት የተጠለቀበት አፈሙዝ የሚገባበት፣ ታቹ ክፍት፣ ቬልክሮ የሌለው፣ ከላይ የአውራ ጣት ጠፍር ያለው፣ ከኳስ ቀበቶው ጋር የሚያያዝ እንጂ ከሱሪው ጋር የማይያያዝ። ቀበቶው አንድ መቆለፊያ ነው ያለው፤ እሱን ቀጭ ሲያደርጉት አፎቱም፣ ቱቦዎቹም፣ ሁሉም አብሮ ይወርድና ሻንጣ ይገባል። ሻጩ መደርደሪያ ሥር ካለ ካርቶን ውስጥ እንዲህ ያለውን አገኘ። ዋጋው ከ30 ዶላር ብዙም አይበልጥም። በቀለሙ ተከራከርን፤ እኔ ብርቱካናማ አልኩ፣ ልጁ ጥቁር አለ። «ጋሼ፣ ብርቱካን ለብሼ የት ልደበቅ ነው?» ትክክል ነው፤ ጫካ ነው። ቅጠልያው ተወሰደ። ሽጉጡ ሲወድቅ እንዳይጠፋ ከአፎቱ ጋር የሚያያዝበት የተጠቀለለ ገመድ ግን ብርቱካናማ ሆነ፤ እሱን እኔ ከፈልኩ።

የእህቴ ልጅ ሳይስማማው የቀረውን አሮጌ አፎት፣ ቬልክሮ ያለበትን፣ ለመታሰቢያ ውሰደው አለኝ። ሽጉጡን አውሮፕላን ላይ ለመጫን እንኳ ሕግ አለው፤ በእጅ ሻንጣ አይገባም፣ በጭነት ሻንጣ ቢሆን ይቻላል፣ የጋዝ ጠርሙሶቹ ግን በየትኛውም አይሄዱም። ባዶ አፎትን የሚከለክል የለም። እኔ ግን ቦሌ ስደርስ ሻንጣዬን ከፍቶ፣ ከቪታሚኑና ከሕፃናት ጫማው መሐል የሽጉጥ አፎት የሚያገኘውን የጉምሩክ ሠራተኛ አሰብኩ። ሽጉጡ የት አለ ይለኛል። ቨርጂኒያ ነው፣ የውሸት ነው እለዋለሁ። እሱም አለቃውን ይጠራል። አፎቱን ለጎንደሬው ልጅ እንዲሰጠው ነገርኩት፤ እሱ ግን ጭን ላይ የሚታሰር ካልሆነ አልፈልግም አለ።